አልማዝ ያለ ፍትሐት የተቀበረችበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 8

ወደ ፋብሪካ ልሄድ አንድ ጫማዬን አድርጌ ሌላውን ስፈልግ በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃውን እንዳነገተ። «የአልማዝ እናት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ በደንብ ያውቀኛል። «ልጅዎን ከድንጋይ ማውጫው ጉድጓድ፣ ከውሃው ውስጥ አውጥተናታል። ራሷን ነው የጣለችው» ብሎ ሄደ።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ከኋላ ቆሞ ነው የሚነገረው። እኔ አንድ እግሬ ባዶውን እንደሆነ ሰማሁት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሬሳዋን አመጡልኝ። በዕድራችን ሴት ስትሞት የምትገንዘው ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ ናት። አጥባ ገነዘቻት። እናት እዚያ አትገባም፤ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስትወጣ ልታየኝ አልፈለገችም። ከማዘኗ ነው ብዬ ተውኩት።

አልማዝ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የቀበሌያችን ታይፒስት ነበረች። ይህ የምጽፍበት ደብተር የእሷ ነው። ገና ሦስት ገጽ ነው የጻፈችበት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ ቀበርናት።

ሬሳው ሳይወጣ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጣ። «ጓዶች፣ ለቅሶው አይብዛ» አለ። ከዚያ እንደ ስብሰባ ቆሞ ተናገረ። አልማዝ የቀበሌውን ማኅተም ሰርቃ ለሚሸሹ ሰዎች የይለፍ ወረቀት ስትሰጥ ነበር፤ ጉዷ ሲወጣ አፍራ ራሷን ገደለች። ይኸው ነው። ስሟንም ቢሮው ደጃፍ ቦርዱ ላይ ለጥፈውታል፤ «ፀረ ሕዝብ» ተብሎ።

ቅዳሜ ዕለት ልብስ እያጠበች የነገረችኝን እጽፋለሁ። «እማ፣ ማኅተሙ ከሊቀ መንበሩ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ሲተኛም ይዞት የሚተኛ ይመስለኛል» ብላ ሳቀች። «ወረቀቱን በጉቦ የሚሰጠው ራሱ ነው። ሰኞ ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛው፣ ሰው ይመጣል፤ እነግረዋለሁ» አለች። ዝም በይ አልኳት። «እሺ» አለችኝ። እሺ ስትል አታደርገውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አብዮት ጠባቂ መጥቶ ለሥራ ትፈለጊያለሽ ብሎ ወሰዳት። አልተመለሰችም፤ ሥራ ላይ አድራ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የነፍስ አባታችን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «ልጄ፣ ራሷን ላጠፋች ነፍስ ፍትሐት የለም። ሕጉ ነው። እኔንም ያሳዝነኛል» አሉኝ። ካህን ሳይቆም፣ ጸሎት ሳይደገም፣ ከአጥሩ ጥግ ቀበርናት። ሰው ሁሉ አፈር ሲወድቅ ቆሞ አዳመጠ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10

ሣልስት ነው። ሌላው ሰው ለሞተበት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጸሎት ያስደርሳል። እኛ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን።

የመጡልኝ፦ ከፋብሪካ አምስት ሴቶች። የዕድሩ ዳኛ። ወንድሜ ከደብረ ብርሃን። ያልመጡት ይበዛሉ፤ አልፈርድም።

አንድ ሰው ድንኳኑን ሲያጠብቅ «ይሄ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ከእኛው ይልቅ ይሄ ለሊቀ መንበርነት ይሆናል» አለ። ሁለት ሦስት ሰው በነጠላው ውስጥ ሳቀ። እኔም ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። ወዲያው ደነገጥኩ።

ከሸራው በስተጀርባ ደግሞ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። «ሌባ ናት እኮ። ለእሷ ነው ድንኳን የተተከለው?»

«አንቺስ በእናትሽ ለቅሶ ሰው የበላውን ሽሮ ረሳሽው? የሠራችው ዘነበች ናት። ዝም በይ!»

ዘነበች እኔ ነኝ። ተሟጋቿ ማን እንደሆነች አላወቅኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

የምፈልገውን ለራሴ ለይቼ ልጻፍ። ሊቀ መንበሩ እንዲታሰር አይደለም፤ ማን ያስረዋል? የምፈልገው ፍትሐት ነው። ነፍሷ ጸሎት ሳታገኝ እንዳትቀር።

አባ ዘንድ ሄድኩ። «ሰው ገድሏት ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«ያየ አለ?»

«እኔ አላየሁም።»

«ልጄ፣ አንቺ እናት ነሽ፤ እንዲህ ማለትሽ አይቀርም። ሌላ አንድ ሰው ይንገረኝ። አንድ ሰው ብቻ።»

አባ ከሚኖሩበት ከጉርድ ሾላ እስከ ቤቴ በእግሬ መጣሁ። አውሮፕላን በላዬ ዝቅ ብሎ አለፈ። ያየ ሰው ማን ነው እያልኩ ሰፈሩን ሁሉ በሐሳቤ ቆጠርኩ። ጉድጓዱ ጋ የነበሩት ጠመንጃ የያዙት ናቸው። ከእነሱ በኋላ ገላዋን ያየችው አንዲት ሰው ብቻ ናት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 12

እትዬ በላይነሽ በየቀኑ ትመጣለች። ውሃ ትቀዳለች፣ ዕቃ ታጥባለች፤ ዓይኔን ግን አታይም። ዛሬ እጇን ያዝኳት።

«ምን አየሽ?»

«ተይኝ ዘነቡ።»

«ልጄን ስታጥቢ ምን አየሽ?»

«የገናዥ አፍ ዝግ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የስንቱን ገላ አጠብኩ፤ ያየሁትን አውርቼ አላውቅም። ባወራ ኖሮ ሰው ሬሳውን ይሰጠኝ ነበር?»

አልለቀቅኳትም። ጎንበስ አለችና ጆሮዬ ላይ ተናገረች። በሁለቱም እጇ አንጓ ገመዱ በልቷታል። የፊጥኝ ታስራ ነበር። ፈትተው ነው ያመጧት።

ራሱን ውሃ ውስጥ የሚጥል ሰው ራሱን የፊጥኝ አያስርም።

«ለሰው ብናገር እኔንም እዚያው ነው የሚጥሉኝ። አምስት ልጆች አሉኝ» አለች።

«ለሰው አትናገሪ። ንስሐ ግቢና ለአባ ንገሪ። ንስሐ ከእሳቸው አፍ አይወጣም። የአንቺም አፍ እንደተዘጋ ነው።»

«እሳቸውም እኮ ሰው ናቸው» አለች። እሺም እንቢም ሳትለኝ ሄደች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩ። እትዬ በላይነሽ አልመጣችም።

ሊቀ መንበሩን ዳቦ ቤቱ ጋ አገኘሁት። «እትዬ ዘነበች፣ በርቱ። ሥራ መቼ ነው የሚጀምሩት?» አለኝ። «ሰኞ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

አመሻሹ ላይ ደጃፌ ቆሜ እትዬ በላይነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ስትመጣ አየኋት። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች። አልፋኝ ሄደች። ዛሬ ግን ዓይኔን አይታኛለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 14

ከቅዳሴ በኋላ አባ ጠሩኝ። «የሰማሁትን አትጠይቂኝ። ካህናቱን ይዤ እመጣለሁ፤ መቃብሯ ጋ ቁሚ» አሉኝ።

ሦስት ካህናትና አንድ ዲያቆን ናቸው። ከአጥሩ ጥግ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ፍትሐቷን አደረሱ። አብዮት ጠባቂው በር ላይ ነበር። ሲጨርሱ «አባ፣ ማን ፈቅዶ ነው?» አላቸው። «ልጄ፣ ሰባተኛ ቀኗ ነው» ብለው ጥናውን ለዲያቆኑ ሰጡና አለፉ። ልጁ ቆሞ ቀረ። ለሊቀ መንበሩ እንደሚነግረው አውቃለሁ። አባን ይጠሯቸው እንደሆነ፣ እትዬ በላይነሽን ይጠረጥሯት እንደሆነ አላውቅም። ይህን ደብተር የት እንደማኖረውም ገና አላሰብኩም።

ስሟ ቦርዱ ላይ እንዳለ ነው። እሱን መፋቅ አልቻልኩም። ግን ዛሬ በልቻለሁ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ይህን ጽሕፈት የምታገኙ ሰዎች፣ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ክፉ ቀን አልፎም ሊሆን ይችላል። ልጄ አልሰረቀችም፤ ራሷንም አልገደለችም። ስትጸልዩ የክርስትና ስሟን ወለተ ማርያምን ጥሩልኝ። ከጠፋባችሁ አልማዝ በሏት። እግዚአብሔር የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል።