ሲሶው የእኔ፣ ችካሉ የእናንተ

ልጆቼ ሙህዲን እና አብዱልመሊክ እኔ ሳልሞት መሬቴን ተካፍለዋል። እኔ ጎባ ሆስፒታል ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ ተደርጎልኝ ተኝቼ ሳለሁ፣ እነርሱ ሲናና ካለው ማሳዬ ገብተው ገመድ ጣሉ፣ ችካል ተከሉ። ይህን አስቀድሜ ያጻፍኩት በመጨረሻ ብናገረው «ድካም አናገረው» እንዳይባል ነው።

እኔ ጃርሶ ጉሉማ፣ የሮቤ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይለማመጠኝ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። አእምሮዬን የሚጠራጠር ሰው ካለ መጥቶ ይከራከረኝ፤ እስካሁን የመጣ የለም።

የሚጽፍልኝ መምህር በእውቀቱ ነው። ከሌላ አገር ለሥራ የመጣ፣ ግቢዬ ውስጥ የተከራየ፣ ከንብረቴ ምንም የማይደርሰው ሰው ስለሆነ መረጥኩት። በአማርኛ የተጻፈበት ምክንያትም አጭር ነው። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም፤ ከስኳር ጆንያና ከጭነት መኪና በር ላይ እያየሁ ራሴን ያስተማርኩት በዚህ ፊደል ነው፤ አንብቤ የማላረጋግጠውን ደግሞ አልፈርምም። መምህሩ ገና በመጀመሪያው መስመር ላይ «አባባ ጃርሶ፣ ‹ተካፍለዋል› ከሚባል ‹ለክተዋል› ብንል አይለዝብም?» ብሎኝ ነበር። አይለዝብም። የለካ ሰው ገመዱን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ችካል የሚተክል የተካፈለ ነው።

አንደኛ። ሼኽ ኑረሁሴን አጠገቤ ተቀምጠው እንዳረጋገጡልኝ፣ ከንብረቴ ከሦስት ሁለቱ እጅ የወራሾቼ ነው። ይህን የሰጣችሁ ሸሪዓው ነው፤ እኔ አልሰጠኋችሁም፤ ስለዚህ እንዳታመሰግኑኝ። ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ ይደርሳል። እህታችሁ ጁሀራ ጊኒር ተድራ ስለሄደች የሞተች መስሏችሁ ይሆናል፤ ማሳዬን የቆረጣችሁት ለሁለት ብቻ ነበርና። ጁሀራ በሕይወት አለች። በየሳምንቱ ትደውልልኛለች። እናንተ እዚሁ ሮቤ ተቀምጣችሁ ከእርሷ በላይ ሩቅ ናችሁ።

ሁለተኛ። ሲሶው ግን ወራሽ ላልሆነ ሰው ልሰጠው የምችለው የራሴ እጅ ነው። የሙህዲን ልጅ ሰሚያ አባቷ በሕይወት ስላለ ወራሼ አይደለችም፤ ሙህዲን በመኖሩ ልጁን ሲጠቅም ይህ የመጀመሪያው ነው። ምንጩ ያለበትን የታችኛውን ማሳ ይዞታና ዳማ ፈረሴን ለሰሚያ ተናዝዣለሁ። ከሲሶ እንዳያልፍ ሼኽ ኑረሁሴንና ባልንጀራዬ ጃለታ ገምተውታል።

ምክንያቱን ስሙ። ጊዜው መስከረም ነበር፤ ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው። ገበሬ የወለዳቸው ሰዎች እየረገጡት ገቡ። ሰሚያ በማግስቱ ማሳውን ልታይልኝ ሄዳ ችካሎቹን አገኘች። አንድ በአንድ ነቀለቻቸው፣ በሻርፗ አሰረቻቸው፣ በሚኒባስ ጭና ጎባ ድረስ አመጣችልኝ። አልጋዬ ሥር ስትጥላቸው፣ ዛሬ ምስክር ሆና እዚህ የተቀመጠችው ነርስ ፋናዬ ተቆጣቻት።

«እንጨት እዚህ አይገባም፣ ልጄ።»

«እንጨት አይደለም፣ አረም ነው» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አካኮ፣ ማሳዎ ላይ በቅሎ ነው ያገኘሁት። ነቅዬው መጣሁ።»

አካኮ ማለት አያቴ ማለቷ ነው። «ማን ዘራው?» አልኳት።

ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት፤ ጫማዋን ታያለች እንጂ ስም አልጠራችም።

ስሙን ያመጣው ራሱ ባለቤቱ ነው። ሙህዲን ሲመሽ እየተጣደፈ መጣና፣ የተኛሁ መስሎት፣ ልጅቱን ያዛት።

«ማን ንቀይ አለሽ? ለማን ብዬ የምለካ ይመስልሻል? ለአንቺ አይደለም?»

«አካኮ እኮ አልሞቱም።»

«አልሞቱም እንጂ...» ሲል ዓይኔን ገለጥኩ።

«ጨርሰው» አልኩት።

አልጨረሰውም። እስከ ዛሬም አልጨረሰውም። ፋናዬ መርፌው ነው ያዳነዎት ትላለች፤ መርፌውን አልንቅም፣ ከአልጋ ያስነሳኝ ግን ያ ያልተጨረሰ ቃል ነው።

ኋላ ሽማግሌ ልከው «በኋላ እንዳንጣላ ብለን ነው» አስባሉ። አባቴ ጉሉማ ሲሞት እኔና ወንድሜ መሬቱን የተካፈልነው በዓመቱ ነው። እስከዚያ አብረን አርሰን ከአንድ ጎተራ በላን። ለመጣላት ጊዜ የሚተርፈው ማሳ ሲለካ ለሚውል ሰው ነው።

ሦስተኛ። የአባቴ የጉሉማ የወይራ በትርም ለሰሚያ ይሰጥ። ይህን ስል ጃለታ አቋረጠኝ።

«ጃርሶ፣ በትር ለሴት ይሰጣል እንዴ? ሴት የራሷ በትር፣ ሲንቄ አላት።»

«ሲንቄዋን ስትዳር እናቷ ትስጣት፤ የሴት ክብሯ ነው፣ ማን ይከለክላታል? ይህ በትር ማሳ ለሚጠብቅ ነው። ከቤቴ ማሳ የጠበቀ ወንድ ካየህ ጥራውና ልስጠው።»

ጃለታ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ። «በል ጻፍ» አለው መምህሩን።

ሰሚያ፣ ይህ ሲነበብልሽ እንዳታለቅሺ። መሬቱን በእኩል አሳርሺና ትምህርትሽን ጨርሺ። አያትሽ መሪየም ምንጩ አጠገብ የተከለችውን ጽድ አታስቆርጪ። እርሷም እንዳንቺ ነበረች፤ እኔን እንኳ አትፈራም ነበር። አባትሽን አክብሪ። ችካል መንቀልማ ማንም ይነቅላል። ሲሶው የአንቺ የሆነው ሁለት ጊዜ ጠይቄሽ የአባትሽን ስም ያልጠራሽ ጊዜ ነው።

ዕዳ የለብኝም። አለበት የሚል እኔ ሳለሁ ይምጣ፤ ከሙት ጋር መከራከር ለሁሉም ይቀናዋል።

አራተኛ። ችካሎቹ ከሆስፒታል አብረውኝ መጥተው አሁንም አልጋዬ ሥር ናቸው። ለሙህዲንና ለአብዱልመሊክ ይሰጡ ስል ሼኽ ኑረሁሴን «ለወራሽ ኑዛዜ የለም፣ ጃርሶ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ነገር ግን ችካሎቹ የእኔ ንብረት አይደሉም፤ የራሳቸው ናቸው፤ እመልስላቸዋለሁ እንጂ አልሰጣቸውም። ሼኹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በሞትኩ ቀን ችካሎቹን ፍለጧቸውና የሬሳዬን ማጠቢያ ውሃ አሙቁባቸው። የምታጥቡኝም ሁለታችሁ ናችሁ፤ እጃችሁ ገመድ መያዝ ከቻለ ውሃ ማፍሰስም አያቅተውም። አንድም ችካል እንዳይተርፍ። የልጅ ልጆቻችሁ አግኝተው «ይህ ምንድን ነው?» ብለው እንዳይጠይቋችሁ።

ይህን በደል የተናገርኩት ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ከፈረምኩ በኋላ ሽማግሌ ብትልኩም፣ እግሬ ላይ ብትወድቁም፣ ክፉም ደግም አልመልስበትም።

ተናዛዥ፦ ጃርሶ ጉሉማ (ራሳቸው አንብበው ፈርመዋል)

እኛ ከዚህ በታች ስማችን የተጻፈው፣ ቃሉ ከተናዛዡ አፍ ሲወጣ ሰምተን፣ ተጽፎም በፊታቸውና በፊታችን ሲነበብ አዳምጠን ፈርመናል። ፊርማው እንዳበቃ፣ በረንዳው ሥር ቆሞ ሲሰማ የቆየው ልጃቸው ሙህዲን ቀርቦ ጉልበታቸውን ያዘና «አባባ፣ ስለዚያ ችካል...» ብሎ ጀመረ። ተናዛዡ «የምን ችካል?» አሉት፤ ቀጥለውም እንዲቀመጥ ወንበር አስመጡለት። ይህም እንዲጻፍ ተስማምተናል።

ምስክሮች፦
ሼኽ ኑረሁሴን አደም (ፈርመዋል)
ጃለታ ዋቆ (በጣት አሻራ)
ነርስ ፋናዬ ተክሌ (ፈርማለች)
መምህር በእውቀቱ አስናቀ፣ ጸሐፊና ምስክር (ፈርሟል)