የሊቀመንበሩ ፒክአፕ ወደ ኋላ ስትሄድ

የካ፣ ሾላ ገበያ ጀርባ
ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለዋቅጅራ፣

እንደምን ሰነበትክ? የአስመራ ብርድ ከእንጦጦ ብርድ ይብሳል? እኛ ደህና ነን። እናትህም ከእኔ ጋር ባትነጋገርም ደህና ናት። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልሰደድኩትም፤ በፖስታ የሄደ ደብዳቤ ከባለቤቱ በፊት አንባቢ ይበዛበታል። ሾፌሩ ፉፋ በጫማው ውስጥ ይዞልህ ይመጣል። ሽታው የእኔ አይደለም።

«አባባ፣ ያን ዕለት መኪናዋ ለምን አልጮኸችም?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ደስ የሚል ወሬ ላውራህ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ለይኩን ባለፈው ወር ነጯን ፒክአፕ ይዞ ጋራዤ መጣ። በልጅነቱ ሳይክሉን ሳበጅለት «ጋሼ፣ እርስዎ» ይለኝ የነበረው ለይኩን ነው።

«ጉደታ፣ ፍሬኗ ላልቷል። አጥብቃት፤ ቅዳሜ ሥራ አለብኝ።»

ሥራውን ታውቀዋለህ። የሰፈራችን መንገድ መኪና አያዞርም፤ ስለዚህ ጎረምሳ ለውትድርና ሊያፍሱ ሲመጡ ከአስፋልቱ ጀምረው ወደ ኋላ እየነዱ ይገባሉ። የጭነቱ በር ከሰው በር ይገጥማል፤ የሰው ልጅ እንደ ጤፍ ኩንታል ይጫናል።

እኔም በተከበረው ሙያዬ የኋላ ጎማዋን ፈታሁ። ፍሬኗን አጠበቅኩ። እግረ መንገዴንም ታምቡሩ፣ ማለት የፍሬኑ ከበሮ ውስጥ፣ አንዲት የቆርቆሮ ምላስ አጥፌ አስገባሁ፤ ወደፊት ስትነዳ እንደ ታዛዥ ካድሬ ትተኛለች፣ ወደ ኋላ ስትነዳ ተነስታ ብረቱን ትፍቃለች። ለይኩን ሞከራት። ጩኸቷ እንጨት የጫኑትን አህዮች በተነ።

«ምንድን ነው ይሄ? ይሄን ጩኸት ባለፈው አጥፍተኸው አልነበር?»

ጆሮዬን ጎማው ላይ አስደግፌ እንደ ሐኪም ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወደፊት ሲሏት ዝም፤ ወደ ኋላ ሲሏት ጩኸት። ይህ የብረት በሽታ አይደለም። ነቅታለች።»

«ማን ናት የነቃችው?»

«መኪናዋ ናታ! በየስብሰባው ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ የለም ስትሉ ደጅ ቆማ ትሰማ የለም እንዴ?»

አብሮት የመጣው የቀበሌው ጸሐፊ ወልደሰንበት ሳቁን በሳል ዋጠው። ለይኩን በሯን ወርውሮ ዘጋና ወደፊት ነድቷት ሄደ። ምን ይበል? ወደ ኋላ ይሻላል ይበል?

ቅዳሜ ጠዋት ከበበ የሚባለውን የዘውድነሽን ልጅ ሊያፍሱ መጡ። ገና ከአስፋልቱ ስትታጠፍ ጮኸች። ቤት ሲገቡ ያገኙት ግማሹ የተበላ ገንፎ ነው፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገብቷል። ዘውድነሽ በሩ ላይ ቆማ፣ «ጓዶች፣ ገንፎው ይዝመት እንዴ? ማንኪያውን ላምጣ?» አለቻቸው።

ሦስት ቅዳሜ እንዲሁ ባዶ ተመለሱ። ኮታው ስለጎደለ ለይኩን ወደ በላዩ፣ ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተጠርቶ በሰው ፊት ራሱን ሲሂስ ዋለ። አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ በጋራዤ በር አለፈ፤ ተነስቼ እጅ ነሳሁት። ኃጢአት ከሆነ ጣፋጭ ኃጢአት ነው፤ ገና አልጠገብኩም። ሌላ መካኒክ ታምቡሩን የፈታ ዕለት የምጫነው እኔ እንደሆንኩ አውቃለሁ። ይሁን። ቢያንስ ስጫን ሰፈሩ ይሰማል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። መኪናዋ ድሮም ትጮኽ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ የፍሬን ሸራዋ አልቆ ነበር። እናንተም ያን ሰምታችሁ ትሮጡ ነበር። በግንቦት ለይኩን አመጣልኝ። በሽታውን ካገኘሁ በኋላ እጄ አላርፍ አለኝ፤ የሰው ሥራ አላበላሽም፣ ሙያተኛ ነኝ አልኩ። ሸራውን ለወጥኩ፣ ታምቡሩን ሞረድኩ፣ ቀኑን ሙሉ ለፋሁ። ለእናትህም «እንደ ድመት አደረግኳት» ብዬ ፎከርኩ።

በሦስተኛው ቀን እንደ ድመት መጣች። አንተ ፊትህን እየታጠብክ ነበር። ሳሙናው ጆሮህ ላይ እንዳለ ጫኑህ።

እናትህ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ አነጋግራኛለች። የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጩኸቷ ግድግዳችንን ሲያልፍ፣ ፊቷን ሳታዞር «ዛሬስ ጮኸች» አለች።

ልጄ፣ አብዮቱ የኋላ ማርሽ የለውም ይላሉ። አንተን ግን እግዚአብሔር በኋላ ማርሽ ይመልስህ፤ በዚህ መንገድ፣ እስከዚህ በር። እየጮኽክም ቢሆን ና፤ እኛ አንሮጥም።

ሙያው ያሳፈረው አባትህ፣
ጉደታ