መንገድ እንዳይሻገር ስለተከለከለው ትምህርት

ግንቦት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ

ለክቡር ዶክተር ዘርአብሩክ
የሕፃናት በደል መከላከያ ጥናት ዋና አስተባባሪ
ሴቻ

የተከበሩ ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ክቡርነትዎ ከነመላ ባልደረቦችዎና ከነነጩ መኪናዎ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ፣ የሴቻም ነፋሻ አየር እንደተስማማዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከታች ያለነው፣ ሙቀቱና ትንኙ እንዳለ ሆኖ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቢያንስ ከመንገዱ በስተቀኝ ያለነው ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በስተግራ ስላሉት ነው። ለእርስዎ ብቻ ብልከው ፋይል ውስጥ ተኝቶ እንደሚቀር ስለማውቅ፣ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳና በገበያው በር ላይም ለጥፌዋለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የክቡርነትዎ ጥናት፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ዱላና ያለ ጭካኔ እንዲያሳድጉ ቢማሩ ለውጥ ይመጣ እንደሆነ ይመረምራል። ለዚህም ሲባል ሰፈራችን ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ለሁለት ተከፍሎ በቀበሌው አዳራሽ ዕጣ ወጣ። ዕጣው ለእኛ ለቀኞቹ ደረሰ፤ ሲስተር ጽጌሬዳ በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጣች ታስተምረናለች። ግራዎቹ «ማነጻጸሪያ» ተባሉ። እነርሱ ዘንድ የሚመጣው ጠያቂ ነው፤ ልጆቹን ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ አንድ አንድ የልብስ ሳሙና ሰጥቶ ይሄዳል። ትምህርቱ ጥናቱ ሲያልቅ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እንደሚደርሳቸው ቃል ተገብቶላቸዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። መኝታዋ ላይ የምትሸና ልጅ ይህን የምታደርገው በእልህ ወይም በስንፍና እንዳልሆነ፣ ቅጣት ፍርሃቷን ጨምሮ ነገሩን እንደሚያባብሰው የተማርኩት ከሲስተር ጽጌሬዳ ነው። ይህን ስሰማ ሐሳቤ ወዲያው ወደ ማዶ ሄደ። ከደጄ ትይዩ፣ በግራ በኩል፣ ሸማኔው አቶ ኦይታ ይኖራሉ። የእህታቸውን ልጅ ዕድላዊትን ከጫኖ መንደር አምጥተው ትምህርት ቤት ያስገቧት እሳቸው ናቸው፤ የማስተምራትም እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መኝታዋን ባረጠበች ቁጥር አቶ ኦይታ በርበሬ ፍም ላይ በትነው፣ ጋቢ ደፍተውባት ያጥኗታል።

አቶ ኦይታ ክፉ ሰው አይደሉም። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲታመም ሥራቸውን ጥለው ቀድመው የሚደርሱ፣ ጸሎት ቤት መዝሙር ሲጀምሩ እንባ የሚቀድማቸው ሰው ናቸው። እሳቸውም በልጅነታቸው በበርበሬ ጢስ እንደዳኑ ያምናሉ፤ የሚቀጡ ሳይሆን የሚያክሙ ነው የሚመስላቸው። የጎደላቸው አንድ ነገር ቢኖር እውቀት ነበር፤ እሱም ከደጃቸው ፊት ለፊት በነጻ ይታደላል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ። የተማርኩትን ተሻግሬ ለአቶ ኦይታ ብነግራቸው በጥሞና አዳምጠው፣ ከሲስተር ጽጌሬዳ አፍ ራሳቸው ለመስማት ፈለጉ። በሚቀጥለው ሐሙስ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው አብረውኝ ወደ ትምህርቱ መጡ። በር ላይ የቆመው ተቆጣጣሪዎ ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቃቸው፤ ከዚያም በፍጹም ትሕትና ሳሙና ሰጥቶ መለሳቸው። በማግስቱ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ትምህርቱን ወደ ማዶ በማሻገሬ ጥናቱን እንደበከልኩት አስታወቀኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚበከለው የጉድጓድ ውሃ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አቶ ኦይታ ግን ሳሙናቸውን ይዘው ሲመለሱ አንድ ነገር አሰቡ። የተማሩ ሰዎች ትምህርቱን ለቀኝ ሰጥተው ለግራ ከከለከሉ ምክንያት ቢኖራቸው ነው አሉ። «ለእኛ ልጆች የማይሠራ ቢሆን እንጂ፣ ዶክተር ሰው ልጅ የሚያድን ነገር ይደብቃል እንዴ?» ብለው መከሩኝ። እርስዎን ከእኔ ይልቅ አመኑ። ወደ በርበሬአቸው ተመለሱ።

ሦስተኛ፣ ስለ ቆጠራው ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ባለፈው ሳምንት ዕድላዊት ጋቢው ውስጥ እያለች ትንፋሿ ተዘጋ። ጩኸት ሰምቼ ስሻገር ከንፈሯ ጠቁሮ፣ አቶ ኦይታ ታቅፈዋት ስሟን ይጠሩ ነበር። በታክሲ ሆስፒታል አደረስናት፤ ኦክስጅን ተደርጎላት ተረፈች። አሁን ያለችው እኔ ቤት ነው። ተቆጣጣሪዎ ይህን ሰምቶ ሳይውል ሳያድር መጣ፤ ደስ ብሎኝ ወንበር አቀረብኩለት። የመጣው ግን ልጅቷ ከእንግዲህ ከቀኝ ትቆጠር ወይስ ከግራ የሚለውን ለማጣራት ኖሯል። ደረቷ እንዴት እንደዋለ ሳይጠይቅ ሄደ።

አራተኛ፣ ስለ ሳሙናው አመሰግናለሁ። አንሶላዋን አጥበንበታል።

ክቡር ዶክተር፣ ተናድጃለሁ። የተናደድኩት በአቶ ኦይታ አይደለም። እሳቸው እሑድ ዕለት ሽማግሌ ይዘው፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ጨብጠው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት ተንበርክከው ይቅርታ ለምነዋል። ሽማግሌዎቹም ዕድላዊት ከዓመቱ መጨረሻ ፈተና በኋላ ወደ አጎቷ ቤት እንድትመለስ ፈረዱ፤ እዚያ ካልኖረች ወደ ጫኖ ተመልሳ ትምህርቷ መቅረቱ ነው። ፍርዱን አክብሬ ተቀብያለሁ። ሆኖም አቶ ኦይታ በርበሬውን ቢተዉትም በምን እንደሚተኩት አያውቁም፤ ሰፈሩ ደግሞ ከወዲሁ ሳማና አለንጋ ይመክራቸው ጀምሯል። እኔ ብነግራቸው ትምህርቱ የግራ አይደለም ይሉኛል። የሚያምኑት ከበር የመለሳቸውን ሰው ነው።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከፈተና በፊት ሲስተር ጽጌሬዳ መንገዱን ትሻገር። ቁጥሩ ይበላሻል እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበላሽ። በግራ በኩል የልጅ መጎዳት እንዲቀጥል የሚጠብቅ ቁጥር ቢበላሽ እኔ በበኩሌ ሐዘን አልቀመጥም።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ ስለወሰድኩ እጅግ እያፈርኩ፣ ጥናቱን ስለበከልኩ ከቶ ሳልጸጸት፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለልጆችዎም ከመንገዱ በስተቀኝ ያለ ቤት እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አመለወርቅ ገነነ
መምህርት፣ ከቀኝ በኩል

ማስታወሻ፦ ለጠያቂዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ከፋሲካ በፊት ዕድላዊትን ከአጎቷ ለይቶ፣ ለማንም እንደማይናገር ምሎላት፣ እንዴት እንደምትቀጣ ጠይቋት ነበር። ስለ በርበሬው ሁሉንም ነግራዋለች፤ እሱም ጽፏል። ቃሉን ጠብቆ ለማንም አልተናገረም። ዕድላዊት ግን ነጩ መኪና በደጃችን ባለፈ ቁጥር ወደ በሩ ትሮጣለች። ትናንት ምን እንደምትፈልግ ብጠይቃት «ቲቸር፣ ያ ሰውዬ የጻፈው ጠፍቶበት ይሆናል፤ ደግሜ ልንገረው» አለችኝ።