ለበረሃው መኪና ታብሌት ስመርጥ

ካርቱም፣ ግንቦት 1999

ወንድሜ ስለሺ፣

የዓባይን ነገር ከፖስትካርዱ ፊት ያለው ፎቶ ይንገርህ፤ እኔ የምጽፈው ስላንተ ነው። ለበረሃ ጉዟችን መኪናው ላይ የሚገጠም፣ መንገድ የሚመራ ታብሌት ኮምፒውተር ምረጥ ተብዬ ነበር። እኛ አገር መንገድ ቢጠፋህ ሰው ትጠይቃለህ። እዚህ ከከተማ ከወጣህ የሚጠየቅ የለም፤ ታብሌቱ ከተበላሸ እኛም አበቃልን።

ነጋዴው ሙስዐብ እዚሁ ያደገ የወሎ ልጅ ነው። አንድ ስስ፣ አንድ ደግሞ እንደ ጡብ የወፈረ አቀረበልኝ። ሳልሞክር አልገዛም ስለው "ያላ" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። በቀትር ፀሐይ ሐጅ ዩሱፍ ወደሚባለው ሰፈር ወስጄው፣ ከመኪና ባሌስትራና ከጎማ ካላማዳሪያ በሠራህልኝ መያዣ ላይ ሁለቱንም በየተራ አሰርኳቸው። ከዚያ መንገድ ጋር ሲተያይ የኛ ኮረኮንች ፒስታ አስፋልት ነው። ስሱ ፀሐዩን አልቻለም፤ ካርታውን ትቶ የራሴን ፊት ያሳየኝ ጀመር። ወፍራሙ ግን ካርታው ቁልጭ እንዳለ ነው፤ መኪናው ሲዘል እንኳ መያዣህ ላይ ንቅንቅ አላለም።

ሙስዐብ የሚሸጠውን ዕቃ ረስቶ፣ አጎንብሶ ብየዳህን ይዳስሳል። "ወላሂ፣ ይሄ የጀርመን ነው" አለኝ። "የኮምቦልቻ ነው፤ የጓደኛዬ ሥራ" ስለው በኩራት ለተነፋው ደረቴ መኪናው ጠብቦት ነበር። ወፍራሙን ገዛሁ። ሙስዐብ ደግሞ ለሱቁ እንዲህ ያለ መያዣ ይሥራልኝ ብሎሃል።

ቦታው አለቀብኝ። የእማማ ማዘንጊያን ጉልበት ሳምልኝ፤ ባለቤትህን ቤቲንም ሰላም በልልኝ። የሙስዐብን ስትሠራ በብየዳ ስምህን ጻፍበት፤ ጀርመን እንዳይወስደው።

ወልደሥላሴ