በብየዳው ላይ የተመታው አርባ ሰባት

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ ለሐጅ ጠይብ፣ አናባ።

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? የባሕሩ ብርድ ጉልበትዎን አላስቸገረዎትም? ጆሮዎስ? እህቴ ንዋራ የመስሚያ መሣሪያዎን ባትሪ ትቀይርልዎታለች ወይስ ወንድሜ ረዝቂ ነገ ነገ እያለ ያቆየዋል? ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ፈርቻለሁ። ያልደወልኩትም ለዚህ ነው፤ እርስዎ እንዲሰሙኝ ብጮህ ቤቱ ሁሉ ይሰማል።

ሥራዬን ያውቁታል፤ ከቧንቧ የሚያመልጠውን ጋዝ በካሜራ እፈልጋለሁ፣ መጠኑን እለካለሁ፣ ጠጋኞቹ ይደፍኑታል። ባለፈው ሳምንት ኦግላት ናጋ መንደር ቡሐፍስ የሚባሉ ባለበግ ሽማግሌ መኪናችንን አስቆሙና «እናንተ ልጆች፣ ይህን ሁሉ ዕቃ ጭናችሁ የምትዞሩት ለጌጥ ነው እንዴ? በጎቼ ከትምህርት ቤቱ ወዲህ ያለችው ቦታ ላይ መተኛት ከተዉ ዓመት አለፋቸው። ሣሯም ደርቃለች» አሉን። ባልደረባዬ ሳቀ። ካሜራውን ወደዚያ ሳዞር ግን ጋዙ ከመሬት እየተትጎለጎለ ይወጣ ነበር፣ እሱም ሳቁን ዋጠ።

ግፊቱን አስቀንሰን በእጅ አስቆፈርን። መጋጠሚያውን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ሰዓት ያዝኩ፤ በአሥራ አንድ ሰከንድ ጢም ብሎ ሞላ። መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ዝገቱን ስጠርግ ከብየዳው አጠገብ በመዶሻ የተመታ የበያጁ መለያ ቁጥር ወጣ፤ 47። የሰባቱ እግር ሸረፍ ያለች ናት። ጡረታ ሲወጡ የሰጡኝን የብረት ማህተም ከቁልፌ ፈትቼ ገጠምኩት። ልክክ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ አልኩ።

አለቃችን ያችኑ አንዷን አስጠግኖ እሑድ መስመሩን ሊከፍት ነው። «አርባ ሰባት የመታቸው ከሦስት መቶ ይበልጣሉ፣ ሁሉንም ልቆፍር? ደግሞ ይሄ አርባ ሰባት ማነው? እስካሁን ሞቶ ይሆናል» ሲል አባቴ ነው ማለት አቃተኝ። ወደ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሄጄ መስመሩ ሲከፈት ልጆቹን ለጥቂት ቀን ያስወጣቸው ዘንድ ለመንኩት። አየሩን ሳብ ሳብ አድርጎ «ጋዝ እኮ ይሸታል፣ እህቴ! ምን ሸተተሽ?» አለኝ። ሽታው የሚጨመርበት ወደ ከተማ ሲገባ እንደሆነ ብነግረውም አላመነኝም። ትምህርት ቤቱ ከመስመሩ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ብርዱ ገብቷል፣ ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ምድጃ ያነድዳል። ክብሪት ሲጭር ባየሁ ቁጥር እሑድን እያሰብኩ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

አባዬ፣ የእርስዎ እጅ እንዲህ አይበይድም። የእርስዎን ሌሎች ብየዳዎች አይቻቸዋለሁ፣ ዛሬም እንደ ተበየዱበት ቀን ናቸው። ይህችኛዋ ግን የለማጅ ሥራ ናት። መዝገቡ ላይ የተበየደችበትን ወር ሳይ ትዝ አለኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የብየዳው ብርሃን ዓይንዎን አቃጥሎት ሦስት ቀን ተኝተዋል፣ ዓይንዎ ላይ የታሰረውን የድንች ቁራጭ እየቀየርኩ አጠገብዎ እቀመጥ ነበር። አጎቴ መስዑድ በማለዳ ወደ ሥራ ሲወጣ ከትራስዎ ሥር አንድ ትንሽ ብረት አውጥተው ያቀብሉት ነበር፣ ሲመለስም ይመልስልዎታል። «ቁጥሬ ፊቴ ነው» ይሉ የነበሩት ሰው ፊትዎን ለምን እንዳዋሱ ይገባኛል፤ ቦታዎን ሌላ እንዳይዘው ነው። አልቀየምኩም። ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት የተበየዱት ከየት እስከ የት ነው? ያን ካወቅሁ የሚቆፈረው ጥቂት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ያለኝ እስከ ቅዳሜ ነው።

ሪፖርቱ ላይ 47ን ጽፌዋለሁ። ልሰርዘው እጄ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ነበር፣ አልሰረዝኩትም። ከሥሩ የእኔ ስም አለ፣ ከስሜ ቀጥሎም የእርስዎ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ሾፌሩ ላኽዳር መልሱን ሳይዝ እንዳይነሳ ነግሬዋለሁ፤ ምግብ ያብሉት፣ ዓሣ ግን አይወድም።

ንዋራን ይሳሙልኝ። ረዝቂን ማኩረፉን ይተው ይበሉልኝ። የንዋራ ትንሿ ልጅ ሱንዱስ የወለቀ ጥርሷ በቅሎ እንደሆነ ይጻፉልኝ፤ ኦግላት ናጋ ላይ እሷን የሚያካክሉ አርባ አንድ ልጆች አሉ። አጎቴ መስዑድንም ሁለቱንም ጉንጩን ይሳሙልኝ፣ ከዚያም አጠገብዎ አስቀምጠው ይህን ደብዳቤ ያንብቡለት። ቦታውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ የእርስዎ ዓይን ታስሮ ነበር።

ልጅዎ ዋሲላ
ላግዋት፣ ሰኞ ኖቬምበር 18