ሁለት ሰዓት ተነስቶ ሁለት ሰዓት የሚያርፍ አውሮፕላን

ጥቅምት 20
የቀይ እስክሪብቶዬ ክዳን ዛሬ ጠዋት ከጋዜጣው የእርማት ክፍል መሰወሩን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ፍለጋው ቀጥሏል። ጋዜጣው ያለ ክዳን ታርሞ ወጣ... ማንም ልብ አላለም።

ቤት ስገባ እማዬ ሻንጣዋን አውርዳ ታራግፋለች። መጀመሪያ ሄልሲንኪ፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ዘንድ። ከዚያ ስቶክሆልም፣ እህቴ እትዬ ዘንድ። እስከ ሄልሲንኪ አብራት የምትሄድ ጎረቤት አግኝተናል። ከዚያስ? ብቻዋን አውሮፕላን አትሳፈርም። ወይ ጋሼ ያድርሳት፣ ወይ እትዬ መጥታ ትውሰዳት። ችግሩ... አባባ ከሞተ ጀምሮ፣ ይኸው ስድስት ዓመት፣ ሁለቱ ተኳርፈዋል። በምን? በአባባ ሬዲዮ። ጋሼ ይዞት ሄደ፤ እትዬ ለእኔ ነው የተናዘዘልኝ አለች።

«ሁለቱንም የማላይ ከሆነ ከዚህ ቤት አልነሳም» ብላለች እማዬ።

ጥቅምት 23
ደወልኩላቸው። እትዬ ሩቅ ነው አለች፤ መሀል ላይ ባሕር አለ። ጋሼም ሩቅ ነው፣ ደግሞ ጊዜ የለኝም አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ በምንም ያልተስማሙ ሰዎች ዛሬ ተስማሙ። ለመሆኑ ርቀቱ ስንት ነው?

ጥቅምት 24
አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። ይኼ ሩቅ ነው? ለእግረኛ አዎ። ለኩርፊያ ግን... እንጃ።

ጥቅምት 27
ትኬት ቢሮ ሄድኩ። የበረራ ሰሌዳው ምን ይላል? ከሄልሲንኪ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይነሳል፤ ስቶክሆልም ጠዋት ሁለት ሰዓት ይደርሳል። ሲመለስ አራት ሰዓት ተነስቶ ስድስት ሰዓት ያርፋል። መሄጃው ባዶ፣ መመለሻው ሁለት ሰዓት? ሰማይ ላይ ዳገት አለ እንዴ? ሙያዬ ነውና ስህተቱን በቀይ ከብቤ ለትኬት ሻጯ መለስኩላት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ በረራው አንድ ሰዓት እንደሆነ፣ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት ግን በአንድ ሰዓት እንደሚለያይ አስረዳችኝ። ገባኝ አልኩ። አልገባኝም።

እማዬን በአጭሩ፣ ጉዞው ምንም ጊዜ አይፈጅም አልኳት።

ጥቅምት 28
ጋሼ ደወለ። ገና ጊዜ የለኝም ማለት ሲጀምር እማዬ ስልኩን ከእጄ መነተፈችኝ።

«ሁለት ሰዓት ተነስተህ ሁለት ሰዓት ትደርሳለህ፣ ልጄ። የትኛው ጊዜ ነው የሌለህ?»

ስለ መመለሻው ሊያስረዳት ሞከረ መሰለኝ። መመለሻው የራስህ ጉዳይ ነው ብላ ዘጋችው። አለቀ ማለት ነው? ወይስ ለእሱም ሰዓቱ አልገባውም?

ኅዳር 12
ሄደች። ክዳኑ ሻንጣዋ ከነበረበት ሥር ተገኘ። ከቢሮ እዚህ በምን ተሳፍሮ መጣ?

ኅዳር 27
እማዬ ደወለች፤ ከስቶክሆልም። ጋሼ አድርሷታል። እትዬ በሩን ከፍታ አየችው። እሱ በሹራብ የጠቀለለውን ሬዲዮ አስገብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አይሠራም» አለ።

«መች ሠርቶ ያውቃል» አለች።

ከዚያስ አልኳት። ከዚያማ ተቀመጠ፤ ሲያወሩ የመመለሻው አውሮፕላን አመለጠው። አሁን የእትዬ ሶፋ ላይ ተኝቷል።

እርማት፦ በጥቅምት 27 ማስታወሻ «ጉዞው ምንም ጊዜ አይፈጅም» ተብሎ የሰፈረው ስህተት ስለሆነ፣ «ስድስት ዓመት ከአንድ ሰዓት ይፈጃል» ተብሎ ይነበብ።