በር ላይ የቆመ ምሳ

ለአባባ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለው? ክኒኑን እየዋጡ ነው ወይስ ቀለል አለኝ ብለው ትተውታል? አውቅዎታለሁ እኮ። እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ።

የምጽፍልዎ ተመልሰው እንዲመጡልኝ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ "ስራሽን አላስታጉል" ብለው ድንገት ሻንጣዎን ሲያነሱ ሆዴ ባብቶ ነበር። ሰበብ ነው፣ ቤቴን አልወደዱትም ብዬ ተቀየምኩ።

ያን ነጠላ ሰረዝ የምንለውን አለቃዬን ያውቁታል። ፍሪጅ ለተበላሸበት ደንበኛ አንዲት መልስ ስጽፍ ነጠላ ሰረዟን አውጥቶ ይመልስልኛል፤ አስተካክዬ ስልክለት ራሱ መልሶ ይከታታል። ከየቤታችን ብንሰራም ቀኑን ሙሉ ካሜራ ከፍተን እንድንውል ያዘዘን እሱ ነው። ውሃ ልቅዳ ብዬ ብነሳ "የት ሄድሽ?" ይለኛል። ምን ላድርግ፣ የእንጀራ ነገር ነው።

ትናንት ለብቻዬ ደወለልኝ። በቃ፣ ተባረርኩ አልኩ። እሱ እቴ፣ የወሩን ግምገማዬን ነው ያነበበልኝ፤ ፍጥነቴም ትህትናዬም ጥሩ ነው። ከዚያ አንድ አስተያየት አለኝ አለ።

"ከኋላሽ ይቆሙ የነበሩት ሽማግሌ መቅረታቸው ጥሩ ነው። በምሳ ሰዓት ሳህን ይዘው በሩ ላይ ይቆሙ ነበር። አንቺ ዞር አትዪም። ይቆማሉ፣ ይቆማሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ሌሎቹን ያዘናጋል።"

አባባ፣ እኔ እኮ አላየሁዎትም። ጆሮዬ በማዳመጫ ተደፍኖ፣ ዓይኔ ጽሑፉ ላይ ተተክሎ ነው የምውለው። ምሳዬን ኩሽና ውስጥ ተከድኖ ሳገኘው ከራስዎ የተረፈውን ያስቀመጡልኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ የመስሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ሲያይዎት የማላይዎት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንጀቴን በሉት።

አባቴ ናቸው አልኩት። ገባኝ፣ ቢሆንም በሩ ይዘጋ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዬን አዞርኩት። አሁን ፊቴ ወደ በሩ ነው። አለቃዬ "ከጀርባሽ ያለው ብርሃን ፊትሽን አጨለመው፣ ጠረጴዛውን ወደ ቦታው መልሺው" እያለ ይጽፍልኛል። ጠረጴዛው ግን እንዳዞርኩት ነው።

የሚመጡበትን ቀን ብቻ ይንገሩኝ። አውቶቡሱ በስራ ሰዓት ቢገባም መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።

እግዜር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ እድሜዎን ያርዝምልኝ።

ልጅዎ